የጠዋት ለቀማ

ግሌኒስ ዊቸርሊ ልትፈታው የተነሣችው ችግር ከጉልበቷ በታች ያለ ነበር። ስትወለድ ሁለቱም እግሮቿ እንደ ቦካ ሊጥ አብጠው ነው የወጡት። የእናቷም እንዲሁ ነበሩ። የእናቷ አባት በሸንኮራ አገዳ እርሻ ሲሠራ ለብቻው በልኩ የተሰፋ ቦት ጫማ ያስፈልገው እንደነበር ይወራል። ቤተሰቡ በሽታ ብሎ አይጠራውም፤ «የኛ እግር» ነው የሚባለው። ልጅ በተወለደ ቁጥር ዘመድ መጀመሪያ የሚገልጠው ፊቱን ሳይሆን እግሩን ነው። ዕጣው ግማሽ ለግማሽ ነው፤ አንዱን ይይዛል፣ አንዱን ይተዋል። ግሌኒስን ያዛት፤ ልጇን ብሪዮኒንም ያዛት።

በብሪዝበን ከተማ ሰው በባዶ እግሩ ሱፐርማርኬት ይገባል፤ ቢሻው ባንክም ይሰለፋል። ግሌኒስ ግን ከነካልሲዋ ነው ያደገችው። የወባ ትንኝ የነከሳትን ቦታ ካከከች ወይም በጣቶቿ መካከል ቆዳዋ ትንሽ ከተሰነጠቀ፣ በማግስቱ እግሯ እንደ ፍም ይቀላል፤ ትኩሳቱ ጥርሷን ያንቀጫቅጨዋል፤ ከዚያ ሆስፒታል ነው። ሌላው ሰው ሳያውቀው የሚያልፈው ጭረት እሷን አልጋ ላይ ይጥላታል።

ለምን እንደሆነ ብዙ ሐኪም ጠይቃለች። አንዱ «ክብደት ቀንሺ» አላት። ሌላው «ጨው አታብዢ» አላት። በመጨረሻ አንዲት የዘር ሐኪም ደሟን አስመርምራ ውጤቱን ካየች በኋላ እንዲህ አለቻት፦

«ከወንዙ ማዶ ባለው የምርምር ተቋም ያንቺ እግር ያለበት ዓሣ ይረባል።»

ግሌኒስ ሳቋ መጣ። «ዓሣ እግር የለውም እኮ!»

«እግርማ የለውም። ጉድለቱ ግን አለው።»

ግሌኒስ ያኔ የምትሠራው የጌጥ ዓሣ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነበር። ተቋሙ ዓሣ ተንከባካቢ ሲፈልግ አመለከተች፤ ተቀጠረች። ዓሣ ማርባት ቀድሞም ታውቅበታለች። የማታውቀው ዓሣውና እግሯ የሚገናኙበትን ነበር።

እስቲ እኛም ከሥሩ እንየው፤ ቢያሳዝንም የሚያስደንቅ ነገር ነውና። ሽል ማሕፀን ውስጥ ሲሠራ ሥራውን የሚመራ መሐንዲስ የለም። ሕዋስ ዓይን የለውም፤ ካርታም አልያዘም። ያለው ነገር በገላው ላይ የተሰኩ ተቀባዮች ናቸው። ተቀባይ ማለት ግማሹ ከሕዋሱ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ የሆነ ፕሮቲን ነው። ከውጭ አንድ መልእክተኛ፣ እሱም ሌላ ፕሮቲን ነው፣ መጥቶ ሲገጥምበት የውስጠኛው ጫፍ ይነቃና ሕዋሱን ያዘዋል፦ ተነሥ፣ ወደዚህ ሂድ፣ ተባዛ፣ ቧንቧ ሁን። ልብም፣ ሳንባም፣ ኩላሊትም ቅርጽ የሚይዙት እንዲህ ባለ መጠራራት ነው። ጠሪው ቢጠራ፣ የሚሰማው ከሌለ አካሉ አይሠራም።

አሁን ወደ እግሯ እንምጣ። ደም በሥሩ ሲያልፍ ጥቂት ፈሳሽ ወደ ሥጋ ይሰርጋል። ያንን ሰብስበው ወደ ደም የሚመልሱ የሊምፍ ቧንቧ የሚባሉ ቀጫጭን መንገዶች አሉ። የሚበቅሉት ሽሉ ውስጥ ከደም ሥር ግድግዳ ተነሥተው ከሚጓዙ ሕዋሶች ነው። እነዚህ ሕዋሶች የሚጠራቸውን የሚሰሙበት አንድ ተቀባይ አላቸው። የግሌኒስ ጉድለት እዚህ ተቀባይ ላይ ነው፤ መልእክቱን ከውጭ ይቀበላል፣ ወደ ውስጥ ግን አያስተላልፍም። ስለዚህ እግሯ ውስጥ መንገዱ በወጉ አልተዘረጋም፤ ውሃው እዚያው ይቀራል።

ግን ሰው ሁሉን ነገር ከእናትም ከአባትም ይወርስ የለ? ግሌኒስ ከአባቷ የወረሰችው ተቀባይ ደህና ነበር። ታዲያ ግማሹ ደህና ሆኖ እንዴት ሁሉም ተበላሸ? መልሱን ስትሰማ ለቀናት ስትደነቅበት ከርማለች። ተቀባዮቹ ለብቻቸው አይሠሩም፤ መልእክቱ ሲመጣ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ፣ አንዱም ሌላውን ይቀሰቅሳል። ደህናው ከዱዳው ጋር ከተጣመረ ሁለቱም ዝም ነው። በዕድል ደህና ከደህና የሚገናኘው ከአራት ጥንድ አንዱ ብቻ ነው።

ትኩሳቱም የመጣው ከዚያው ነው። የሊምፍ ቧንቧ የውሃ መንገድ ብቻ አይደለም፤ የዘበኞችም መንገድ ነው። ጀርም በጭረት ሲገባ አንድ ነጭ ሕዋስ ከጀርሙ ቁራሽ ይቆርስና በቧንቧው ወደ ብሽሽት እጢ ይዞት ይሄዳል። እዚያ የሚጠብቁት ሕዋሶች በገላቸው ላይ በተሰካ ሌላ ዓይነት ተቀባይ ቁራሹን ዳስሰው ጠላት መሆኑን ያውቁና ይዘምታሉ። መንገድ ከሌለ ግን ወሬው አይደርስም፤ ጀርሙ እግሯ ላይ ተዝናንቶ ይሰፍራል።

ይህንን ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ ያስረዳት የምርምሩ መሪ ካሚንዳ ነው። በልጅነቱ ከኮሎምቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ በክሪኬት ጨዋታ ቡድኑ ሲሸነፍ ሥራ የሚጠላ ሰው። በመጀመሪያው ሳምንት ማይክሮስኮፕ ላይ አስቀመጣት። የዓሣው ጫጩት እንደ ብርጭቆ ያሳያል፤ ቧንቧዎቹ አረንጓዴ እንዲያበሩ ተደርጓል።

«ይኸውልሽ፣ ይሄ ደህናው ነው። ከአከርካሪው ሥር የተዘረጋው መስመር ይታይሻል?»

«ይታየኛል። ያምራል።»

ሳህኑን ቀየረላት። «ይኼኛው ደግሞ አንቺ ነሽ።»

መስመሩ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነው፤ ሆዱና የዓይኑ ዙሪያ አብጧል። ግሌኒስ ብዙ ቆየችበት።

«አላማርኩም» አለች።

«እኔን ከማይክሮስኮፑ ሥር ብታዪኝ ደግሞ!»

«ኧረ ተወኝ አለቃ፣ ቁርሴን በልቻለሁ።»

የዓሣ ቤቱ ከምድር በታች ነው። ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ይጉረመረማል። አብሯት የሚሠራው ቴቪታ የሚባል ግዙፍ የቶንጋ ሰው ገንዳ ያጥባል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ራግቢ ይጫወታል። አክስቴ ነው የሚላት።

በዚያ ቤት የቀኑ የመጀመሪያ ሥራ የጠዋት ለቀማ ነው። ጫጩቶቹ በትናንሽ ሳህን ውስጥ ናቸው። አንዱ ሲሞት ውሃውን ያበላሸዋል፤ ውሃው ሲበላሽ የቀሩት ይከተላሉ። ስለዚህ ዓሣ አርቢ ጠዋት ሲገባ፣ ገና ኮቱን ሳያወልቅ፣ በቀጭን የፕላስቲክ መምጠጫ የሞተውን፣ ሊሞት የተቃረበውን፣ አብጦ በጎኑ የተኛውን ለቅሞ ያወጣል። ማንም በመመሪያ አይጽፈውም። አዲስ ሠራተኛ ከጎን ቆሞ ያያል፣ ከዚያ እጁ ይለምደዋል። ግሌኒስ ከሱቁ ጀምሮ ስትለቅም የኖረች ናት።

«አክስቴ፣ ስትለቅሚ እኮ ልክ ጥሬ ያገኘች ዶሮ ነው የምትመስይው!» ይላታል ቴቪታ።

«አንተ ደግሞ ገንዳ ስታጥብ፣ ገንዳው ነው አንተን የሚያጥብህ። ሂድ ሸሚዝህን ጭመቅ።»

ከጥቂት ዓመት በኋላ ካሚንዳ አንድ ሐሳብ ይዞ ወረደ። ከአራት ጥንድ አንዱ ደህና ከሆነ፣ የዚያን የአንዱን ድምፅ ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት ቢገኝስ? ሦስቱ ዝም ቢሉም አንዱ ለሁሉም ይጮህላቸዋል። ስም የሌለው፣ ቁጥር ብቻ ያለው አንድ የመድኃኒት ቅመም ነበረው። ትልቁ ነገር ደግሞ የሚሰጠው መንገዱ ሳይዘረጋ ከቀረ በኋላ፣ ጫጩቱ ከተፈለፈለ በኋላ መሆኑ ነው።

«ከተወለደ በኋላ ማለትህ ነው?» አለችው ግሌኒስ።

«ከተወለደ በኋላ። ዘግይቶም ቢሆን መንገዱ ይበቅል እንደሆነ ነው የማየው።»

ቅመሙ ብርሃን ይጎዳዋል። ስለዚህ መድኃኒት የገባባቸው ሳህኖች ዓሣ ቤቱ ባለው ጨለማ ሣጥን ተቀመጡ፤ ጠዋት ጠዋት ውሃቸውን የምትቀይረው ግሌኒስ ሆነች። መድኃኒት ያልገባባቸው ደግሞ ለማነጻጸር ላይኛው ፎቅ፣ ካሚንዳ ፎቶ በሚያነሣበት ክፍል ቀሩ። ያኔ ሥርዓት ያለው አሠራር ነበር የመሰለው።

የመጀመሪያው ውጤት በወጣ ቀን ካሚንዳ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

«ግሌን! አበቀሉ! ላይ ያሉት አብጠዋል፤ ያንቺዎቹ ግን መንገድ አበቀሉ!»

«ሁሉም?»

«ጥቂቱን መድኃኒቱ ገድሎታል፤ ያ የሚጠበቅ ነው። የተረፉት ግን ነይ እይ!»

ሄዳ አየች። አረንጓዴው መስመር ከአንገት እስከ ጅራት ሳይቆረጥ ተዘርግቷል። ደገሙት፤ ያው ሆነ። ሦስተኛ ጊዜም ያው። ቴቪታ ከትልቁ ገንዳ ኋላ ቆሞ የቶንጋ መዝሙር ዘመረ። ካሚንዳ ኬክ ገዛ። ግሌኒስ ሽንት ቤት ገብታ ካልሲዋን ዝቅ አደረገችና እግሯን ስታየው ቆየች።

ብሪዮኒ አውቶቡስ ነጂ ናት። ልጅ አልወልድም ያለችው ገና በወጣትነቷ ነው፤ «በኔ ይቁም» ብላ። ካገባች በኋላ አንዴ ክሊኒክ ሄዳ ጉድለቱ የሌለበት ፅንስ ተመርጦ ማሕፀኗ ውስጥ ሊቀመጥላት ተሞክሮ ነበር፤ አልያዘም። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንሥታው አታውቅም። የኬኩ ሳምንት እሑድ ግሌኒስ እሷ ቤት ሄደች። ባሏ ውጭ ቋሊማ ይጠብሳል፤ ሁለቱ በረንዳ ላይ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል።

«ከተወለደ በኋላም ይሠራል ነው የሚለው» አለች ግሌኒስ።

«ዓሣ ላይ ነው እማ።»

«ተቀባዩ እኮ ያው ነው። ዓሣም ላይ ሰውም ላይ አንድ ነው።»

«ዓሣው አውቶቡስ ይነዳል?»

«ቀልጂ አንቺ። ሰው ጋ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጅ ይሆናል። ግን ልጁ ሳያድግ ይደርስለታል።»

«የትኛው ልጅ?»

ብሪዮኒ ወደ ባሏ አየች፤ ከዚያ ወደ እናቷ ተመለሰች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በዓይኔ አይቻለሁ።»

ብሪዮኒ ሲከርም አረገዘች።

ካሚንዳ ሥራውን ጽፎ ለመጽሔት ላከ። መድኃኒቱንም አዴሌድ ከተማ ላሉ ባልደረቦቹ እንዲሞክሩት ሰጣቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፦ ምንም የለም፣ የኛዎቹ እንዳበጡ ናቸው። ካሚንዳ መድኃኒቱ በመንገድ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ሌላ ላከ። እንደገና ምንም። ውሃው ይሆን፣ ሙቀቱ ይሆን፣ ምግቡ ይሆን? አንድ በአንድ እያጣራ ሄደ። በመጨረሻ ያልታየ አንድ ነገር ቀረ፤ ዓሣ ቤቱ ውስጥ የሚሠራው ሥራ። አንድ ጠዋት ሻዩን ይዞ ወረደና ከግሌኒስ አጠገብ ተቀመጠ።

«ምን ጎደለህ አለቃ?»

«ምንም። እንደ ሁልጊዜው ሥሪ። ልይሽ።»

«ክሪኬቱ ተሸንፎ ነው?»

«ሥሪ ግሌን።»

የጨለማውን ሣጥን ከፈተች፤ ሳህኑን አወጣች፤ መምጠጫውን አነሣች። ውሃ ከመቀየሯ በፊት እጇ ሄደ፤ በጎኑ የተኛውን አንዱን ሳበች። ሌላውን ያበጠ ሳበች። ሦስተኛውን።

«ቆይ» አላት። «እነዚህን ምን እያደረግሻቸው ነው?»

«ለቀማ ነው እንጂ። መድኃኒቱ የመረዛቸውን ነው የማወጣው። ካልወጡ ሌሎቹን ይገድሏቸዋል።»

«መመረዛቸውን በምን አወቅሽ?»

«አብጠዋላ። የተመረዘ ጫጩት ያብጣል። አንተስ አታውቅም እንዴ?»

ማወቅስ ያውቃል። የትኛውም ዓሣ አርቢ ያውቃል፤ መርዝ የነካው ጫጩት ልቡ አካባቢ ውሃ ይቋጥራል። መንገዱ ያልበቀለለት ጫጩትም ውሃ ይቋጥራል። ሁለቱ በዓይን አይለዩም። ጉድለቱ ካለባቸው ጫጩቶች ደግሞ ሁሉም አያብጡም፤ ጥቂቶቹ ያለ መድኃኒትም በዕድላቸው መንገድ ያበቅላሉ። እንግዲህ ላይኛው ፎቅ ማንም ሳይነካቸው ያበጡት ሁሉ ተቆጠሩ። ታች ግን ያበጡት ጠዋት ጠዋት ተለቀሙ፤ ለመቆጠር የቀሩት እነዚያ ዕድለኞቹ ብቻ ነበሩ። በማይክሮስኮፕ ያየችው የሚያምር መስመር መድኃኒቱ ያበቀለው አልነበረም።

ካሚንዳ ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጠ። ግሌኒስ መምጠጫውን እንደያዘች ቀረች። ከእሱ ፊት ላይ ነው ያነበበችው።

«እኔ ነኝ?» አለች።

«ሁላችንም ነን። ስንቱ ሞተ ስልሽ፣ ለምን ሞተ አላልኩም። ቴቪታም ቢሆን ይለቅማቸው ነበር። እኔም ብሆን እለቅማቸው ነበር።»

«አዴሌዶቹስ?»

«እነሱ ጋ ዓሣ ቤቱ ያለው ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሳህኑን ሁሉ ላይ አስቀመጡት። ማንም አልለቀመላቸውም።»

ደገሙት። በዚህኛው ዙር ግሌኒስ ቀኝ እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ውሃውን በግራዋ ትቀይራለች፤ ያበጠ ባየች ቁጥር የለመደው እጇ እንዳይቀድማት። ሳህኑ ሸተተ፤ ብዙው ሞተ። ሲቆጠሩ ታች ያሉት ላይኛው ፎቅ ካሉት ጋር እኩል አብጠው ተገኙ። ካሚንዳ ጽሑፉን ከመጽሔቱ መልሶ ወሰደ። የጥናቱ ድጋፍ ሲያልቅ የዚያ ዓሣ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ተቀመጠ፤ ገንዳዎቹ የሌላ ሰው የጉበት ጥናት ዓሣዎች ገቡባቸው። እሱን ማንም አልከሰሰውም፤ እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ዓሣ ቤት ሲወርድ አይቀልድም።

ለብሪዮኒ የነገረቻት ሆዷ ገፍቶ፣ አውቶቡስ መንዳት ባቆመችበት ሰሞን ነው። ብሪዮኒ ወጥ ቤት ቆማ ድንች ስትልጥ ግሌኒስ ሁሉንም አስረዳቻት፤ ለቀማውን፣ እብጠቱን፣ ዕድለኞቹን። ብሪዮኒ ቢላዋውን ሳታስቀምጥ ሰማቻት።

«በዓይኔ አይቻለሁ ብለሽኝ ነበር» አለች።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምንድን ነው ያየሽው?»

«የተረፉትን።»

ብሪዮኒ ልጣጩን ሰብስባ ቅርጫት ውስጥ ጣለች። «እሺ እማ። አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለቻት። በቁጣ አልነበረም፤ ቢሆን ይሻል ነበር። ግሌኒስ በር ላይ ጫማዋን አስራ ወጣች።

ሕፃኑ ወንድ ነው፤ ኦቲስ ተባለ። ግሌኒስ ሆስፒታል ስትደርስ ማንም ፎጣውን አልገለጠላትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ነርሷ ልታጥበው ስታነሣው ግን እግሮቹ ወጡ። ከላይ ድቡልቡል ብለዋል፤ የጣቶቹ ጥፍሮች ወደ ላይ ቀና ብለዋል። ብሪዮኒ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ባሏ «ፀጉሩ የኔን ይመስላል» አለ።

ለሳምንታት ብሪዮኒ እናቷን አልጠራቻትም። ኋላ አንድ ቀን ደወለችና «የማሸት ሕክምና ባለሙያዋ እግሩን በየቀኑ የሚያሽለት ሰው ያስፈልጋል እያለች ነው፤ እኔ ጎንበስ ስል የራሴ እግር ይወጥረኛል» አለቻት። ግሌኒስ ተመዝግባ ተማረች። የሊምፍ ማሸት እንደ ወጌሻ መጫን አይደለም። ከእግሩ አይጀመርም፤ መጀመሪያ ብሽሽቱ ላይ ቆዳውን በጣት ጫፍ ሳብ አድርጎ መልቀቅ ነው፣ ከላይ ያለው ቦታ እንዲለቅ። ከዚያ ጭኑ፣ ከዚያ ቅልጥሙ፣ በመጨረሻ የእግሩ ጀርባ፤ ሁልጊዜ ወደ ላይ። እግር ላይ መንገድ የለም። ላይኛው ጭን አካባቢ ግን የተዘረጉ ጥቂት ደህና ቧንቧዎች አሉ፤ ውሃውን እዚያ ድረስ በእጅ ማድረስ ነው። ተቀባዩ ያላሠራውን መንገድ ጣት በየቀኑ ይተካዋል ማለት ነው። ማታ ግን እግሩ እንደገና ይሞላል። ዕድሜውን ሁሉ ይሞላል።

ግሌኒስ አሁን የምትለው ነገር ጥቂት ነው። በአራስነት ቧንቧዎች ገና እየተቀያየሩ እንደሚከርሙ፣ በእንስሳት ላይ አንዳንድ ቀጫጭኖቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲሰፉ እንደታዩ ከካሚንዳ ሰምታለች። ለብሪዮኒ አልነገረቻትም፤ ለራሷም ደጋግማ አታስበውም። ጠዋት ከሥራ በፊት በጀልባ ተሻግራ ትመጣለች፤ እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች፤ በጣቶቹ መካከል ስንጥቅ እንዳይኖር በመነጽሯ ትመረምራለች። ከዚያ ኦቲስን ጭኗ ላይ አስተኝታ ከብሽሽቱ ትጀምራለች። እሱ ይራገጣል፤ አንዳንዴ ሽንቱን ይሸናባታል።

«አንተ ባለጌ፣ በአያትህ ላይ!» ትለዋለች።

ዛሬ ብሪዮኒ በር ላይ ተደግፋ ስታይ ቆየች።

«ቀለለው?» አለች።

ግሌኒስ አውራ ጣቷን በእግሩ ጀርባ ላይ በስሱ አሳረፈችና አነሣች። ውሃ በያዘው ቆዳ ላይ የቀረው የጣቷ ጉድጓድ እስኪሞላ ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጠበቁ።

«አላውቅም» አለች ግሌኒስ፤ እጇንም ወደ ቅልጥሙ መለሰች።